ፒስተን የምትበላው ያማሃ፦ ሞተሩን ከመፍታት በፊት

ጥያቄው ባጭሩ ይኸውላችሁ።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። አባቴ ከመሥሪያ ቤት በጨረታ ገዝተው ያወረሱኝ ያማሃ ዲቲ 125 አለችኝ። በፈረንጆቹ የ1970ዎቹ ሥሪት ናት። የምኖረው አዲስ አበባ ነው፤ አልፎ አልፎ ወደ ደብረ ማርቆስ እሄድባታለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን ስወጣ የኋላ ጎማዋ በድንገት ደርቆ ቆመ። ሲሊንደሩ ውስጡ ተጠርቦ ሰፋ፣ አዲስ ፒስተን ገባላት። ዘንድሮ እዚያው አቀበት ላይ ደገመችኝ። መካኒኬ ‹አሁንም ጠርበን ፒስተን እንቀይር፣ በቃ› ይላል። ልስማው? ወይስ ሞተሩን ከሥር እስከ ላይ ላስፈታው?»

ወንድሜ፣ ከሥር ይፈታ። መካኒክህ ሥራ አያውቅም ማለቴ አይደለም። አንድ ሞተር አንዴ ፒስተን ቢበላ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። እዚያው ቦታ ላይ ከደገመው ግን ምክንያት አለው። ምክንያቱ ሳይገኝ ፒስተን መቀየር ለሦስተኛው ቀጠሮ መያዝ ነው። ደግሞም መፍቻ ከመነሳቱ በፊት ምርመራው ይቅደም። ሞተሩ አንዴ ከተበታተነ ማስረጃው አብሮ ይጠፋል።

መጀመሪያ ቦታውን እንየው። ከአዲስ አበባ ስትመጣ ከበረሃው አፋፍ ያለችው ጎሐ ጽዮን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ሸለቆው ሥር ያለው የዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ከዚያ ደግሞ እስከ ደጀን ያንኑ ያህል ሽቅብ ነው። ይህ ሁሉ 40 ኪሎ ሜትር አካባቢ በሆነ መንገድ ውስጥ ያልቃል። ሙቀቱን እንኳ ብንቀንስለት፣ ድልድዩ ጋ ያለው አየር ከጎሐ ጽዮኑ በግምት 15 በመቶ ይወፍራል። ወፍራም አየር ብዙ ቤንዚን ይፈልጋል።

አሁን የካርቡራቶርህን ዋና ጄት፣ ማለትም ቤንዚኑን የምትመጥነውን ባለ ቀዳዳ ትንሽ ቡሎን፣ አስብ። እነዚህ ሞተር ሳይክሎች ከፋብሪካ ሲመጡ ጄታቸው ለዝቅተኛ ቦታ የተመረጠ ነው። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ቤንዚኑ ይበዛባቸዋል። ካንዴላው (እሳት ሰጪው) ይጠቁራል፣ ጭሱ ይበዛል፣ ጉልበት ይጠፋል። መካኒኩ ታዲያ ምን ያደርጋል? ትንሽ ጄት ያስገባል። ለቦሌ መንገድ ልክ ነው። ከዓባይ ድልድይ ተነስታ በሁለተኛ ማርሽ፣ ነዳጅ ሙሉ ተከፍቶ፣ ሻንጣና ሰው ተጭኖባት ሽቅብ ስትወጣ ግን ያው ጄት ይጠብባታል። ቤንዚኑ ከአየሩ ጋር ሲነጻጸር ያንሳል፣ ሙቀቱ ይጨምራል። በነፋስ የሚቀዘቅዝ ሞተር ደግሞ ቀስ ብሎ ሲሄድ ነፋስ አያገኝም። ፒስተኑ አሉሚኒየም ነው፤ ከሲሊንደሩ የብረት ግድግዳ ይልቅ በፍጥነት ይለጠጣል። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ሲያልቅ ጎማህ ይደርቃል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራህ አንድ ቁጥር ማንበብ ነው። ካርቡራቶሩን አውርድ፣ ከሥሩ ያለውን የቤንዚን ሳህን ፍታ፣ ዋናውን ጄት አውጣ። ጭንቅላቱ ላይ ቁጥር ተቀርጾበታል። ለአንተ ሞዴልና ዓመተ ምርት የተጻፈውን የአገልግሎት መመሪያ ፈልገህ አስተያየው። ከመመሪያው በብዙ ካነሰ ግማሽ መልስ በእጅህ ነው። ሳህኑ ውስጥ ያለውንም ዝቃጭ እይ። ቆማ የኖረች ሞተር ሳይክል ታንኳ ውስጡ ይዝጋል፤ ዝገቱ ወርዶ ጄቱን ቢያጠበው ውጤቱ ያው ነው። የአየር ፊልትሮውም ስፖንጁ ተበጣጥሶ እንደሆነ ተመልከት። ያለ ፊልትሮ የምትሮጥ ዲቲ ብዙ አይቻለሁ። እሷ አየርም አቧራም ሳትመርጥ ትስባለች።

ሁለተኛው ምርመራ ብዙ ጋራዥ የማይሠራው ነው። ባለ ሁለት ምት ሞተር ከአራት ምቱ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ቤንዚንና አየሩ መጀመሪያ የሚገባው ከፒስተኑ በታች፣ ክራንኩ (የፒስተኑን መውጣት መውረድ ወደ ዙር የሚለውጠው ዘንግ) ካለበት ክፍል ነው። ከዚያ ተገፍቶ ወደ ላይ ይወጣል። ያ ክፍል እንደ ሳንባ ነው፤ መበሳት የለበትም። በክራንኩ ግራና ቀኝ የሚዘጉት ኦይል ሲሎች ጎማ ናቸው። ጎማ ደግሞ ያረጃል፣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። በግራ በኩል፣ ከቮላኖው (በክራንኩ ጫፍ ከሚዞረው ከባድ ዲስክ) ጀርባ ያለው ሲል ሲያፈስ በካርቡራቶሩ ያላለፈ አየር ይገባል። ያ አየር ቤንዚንም ዘይትም ይዞ አይመጣም። ምልክቱ ነዳጅ ለቀህም ሞተሩ ቶሎ አለመውረዱ፣ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳትሰጠው የሚዞርበት ዙር) አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ማለቱ ነው። የቀኙ ሲል ሲያፈስ ደግሞ የካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) ዘይት ይስባል። ያኔ ነጭ ጭስ ታያለህ፣ የካምቢዮ ዘይትም ሳይንጠባጠብ እየቀነሰ ይሄዳል።

ፍተሻው ቀላል ነው። ካርቡራቶሩንና ማርሚታውን (የጭስ ቱቦውን) አውርድ። የጭሱን መውጫ ከአሮጌ ካላማዳሪያ በተቆረጠ ጎማና በቁራጭ ላሜራ ደፍነህ በቡሎን እሰረው። የአየር መግቢያውንም እንደዚያው። በአንዱ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገባ። ፒስተኑን ታች አውርደው፤ ካንዴላው በቦታው ጠበቅ ብሎ ይሁን። አሁን የደም ግፊት መለኪያ ያስፈልግሃል። አዎ፣ ክንድ ላይ የሚታሰረው፣ በእጅ የሚነፋው። ከጨርቁ ነቅለህ ከቱቦው ጋር ታገናኘዋለህ። ሜትሩ 300 ላይ ሲደርስ 0.4 ባር ማለት ነው፤ ለዚህ ሥራ የሚፈለገውም ግፊት እሱ ነው። ከዚያ በላይ አትንፋ፣ ደህናውን ሲል ትገፋዋለህ። የጎማ መንፊያ ኮምፕረሰር የሚያመጣ ሰው ካለ አመስግነህ መልሰው።

300 ላይ አቁመህ ሰዓትህን እይ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከ50 በላይ ከወረደ ያፈሳል። ቮላኖውን አውልቀህ ግራውን ሲል ዙሪያውን የሳሙና አረፋ ቀባው። አረፋው እየነፋ ካበጠ ሌባው ተያዘ። ለቀኙ የካምቢዮውን ዘይት መሙያ ክዳን ፍታና ጆሮህን አስጠጋ፤ ሲተነፍስ ትሰማዋለህ። የሲሊንደሩን እግር፣ የአየር መግቢያውን ጎማ፣ የሞተሩን መጋጠሚያ መስመር ሁሉ በሳሙና ዳስሰው። የአየር መግቢያው ጎማ ላይ ላዩን ደህና መስሎ ሲታጠፍ የሚሰነጠቅ ነው። እሱን አጥፈህ እይው።

እግረ መንገድህን ኮምፕረሽን (ፒስተኑ አየሩን የሚጨምቅበትን ግፊት) ትለካለህ፤ የሚለካ ሰው ሁሉ ደግሞ እዚህ ላይ ይደነግጣል። መመሪያው የሚሰጠው ቁጥር በባሕር ወለል ላይ የተለካ ነው። አዲስ አበባ የአየሩ ግፊት የዚያን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። 120 መሆን ያለበት ሞተር እዚህ 90 ቢያነብ ጤነኛ ነው። በዚህ የተነሳ ያለ ጥፋታቸው የተጠረቡ ሲሊንደሮች አሉ።

አሁን ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) እና ሲሊንደሩን አውጣ። ፒስተኑን አትጣለው፣ መካኒኩም እንዳይጥለው ንገረው። ያለፈውን ጊዜ ፒስተን ያስቀመጠልህ ካለ እሱንም አምጣ። ፒስተን ላይ የሚቀረው ጠባሳ በቦታው ይነበባል። በጭስ መውጫው በኩል ብቻ ተቀብቶ ከተላላጠ ሙቀት ነው፣ የቤንዚን ማነስ ነው። በአራት ማዕዘን፣ አራት ቦታ ላይ እኩል ከተነካከሰ ክፍተቱ ጠብቦ ነው የተጠረበው፤ ወይም ሞተሩ ሳይሞቅ ተጨንቋል። በአየር መግቢያው በኩል ደብዘዝ ያለ፣ ከላይ ወደ ታች የተሰመረ ጭረት ካለ አቧራ ነው። አናቱ ላይ ቀዳዳ ወይም የተፈረፈረ ጠርዝ ካየህ ወደ ፑንቲናው (የካንዴላውን እሳት ሰዓት ወደሚወስነው ክፍል) እና ወደ እሳቱ አሰጣጥ ሂድ፤ እሳቱ ቀድሞ ይሆናል። ዙሪያውን ሁሉ ደርቆ የተቃጠለ ከሆነ ዘይት አልደረሰውም።

ዘይት ካነሳን፣ ይቺ ሞተር ሳይክል ከፋብሪካ ስትወጣ የራሷ የዘይት ፓምፕ አላት። ያማሃ አውቶሉብ የሚለው ነው። በእኛ አገር ብዙዎቹ ላይ ፓምፑ ተነቅሎ ወይም ሽቦው ተፈትቶ ዘይት ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ ይሞላባቸዋል። መቀላቀሉ በራሱ ክፉ አይደለም። ረጅም ቁልቁለት ላይ ግን ጉድለቱ ይወጣል። ነዳጅ ዘግተህ በማርሽ እየያዝክ ወደ ዓባይ ስትወርድ ሞተሩ በፍጥነት እየዞረ የሚደርሰው ቤንዚን ጠብታ ነው። ቤንዚን ከሌለ ዘይትም የለም። ሸለቆው ሥር ሳትደርስ ሞተሩ ዘይት ይደርቅበታል፣ ከድልድዩ በኋላ ደግሞ ወዲያው ጭነት ይመጣበታል። ፓምፑ ቢኖር ነዳጅ ቢዘጋም ከሞተሩ ዙር ጋር ትንሽ ትንሽ ይሰጣል። ስለዚህ ፓምፑ አለ ወይስ የለም የሚለውን በዓይንህ አረጋግጥ። የሚቀላቀል ከሆነ ቁልቁለቱ ላይ በየመካከሉ ፍሪሲዮን ይዘህ ነዳጅ ስጣት።

ወደ ክራንኩ እንውረድ። ሁለት ጊዜ የደረቀ ሞተር ቢየላው (ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያገናኘው ክንድ) ላይ ያለው የታችኛው ኩሽኔታ ደህና ነው ብዬ አላምንም። የአሉሚኒየም ፍርፋሪ ወዴት የሄደ ይመስልሃል? ክራንኩ ክፍል ውስጥ ነው የወደቀው። ሲሊንደሩ ከወጣ በኋላ የቢየላውን የላይኛውን ጫፍ ይዘህ ወደ ጎን ግፋው። 1 ሚሊ ሜትር ያህል መወዛወዙ ጤና ነው፤ 2 ሚሊ ሜትር ካለፈ ቢየላው ከነኩሽኔታው ይቀየራል። ቀጥ አድርገህ ወደ ላይና ወደ ታች ስትጎትተው ግን ምንም ክፍተት መኖር የለበትም። ትንሽ እንኳ «ጠቅ» ካለ አልቋል።

የዚህ ሞተር ክራንክ እንደ መኪና አንድ ወጥ አይደለም። ሁለት ከባድ ዲስኮች በአንድ ፒን በፕሬስ ተጣብቀው ነው የተሠራው። ቢየላ ለመቀየር በፕሬስ ይለያያል፣ መልሶም ይገጠማል። ሲገጠም ደግሞ መቃናት አለበት። ቶርኖ ቤት ስትገባ አንድ ጥያቄ ጠይቅ፦ «ዳያል ጌጅ አላችሁ?» ጥቃቅን መወዛወዝን የሚለካው ሰዓት መሰል መሣሪያ ነው። ካላቸው ክራንኩ ሲሽከረከር ሁለቱ ጫፎች ከ0.03 ሚሊ ሜትር በላይ እንዳይወዛወዙ አድርጉልኝ በል። «በዓይን እናቃናዋለን» ካሉህ አመስግነህ ውጣ። ጠማማ ክራንክ አዲሱን ሲል በጥቂት ጊዜ ይበላዋል፣ አንተም ተመልሰህ መነሻህ ላይ ትቆማለህ። ቮላኖውን በመዶሻ የሚያወልቅ ሰውም ይህንኑ ጉዳት ያደርሳል። ማውለቂያ መሣሪያው ርካሽ ነው፣ ቶርኖ ቤትም ይሠራልሃል።

የሞተሩን ሁለት ግማሽ ለመለየት መሐላቸው ካቻቢቴ መሰንቀር ክልክል ነው። መጋጠሚያው ከተቧጨረ በቃ፣ አየር ማፍሰሻ ሠራህለት። ኩሽኔታዎቹን ስታስገባ ቅርፊቱን ምድጃ ላይ ወደ 100 ዲግሪ አሙቀው፤ በራሳቸው ክብደት ይገባሉ። ኩሽኔታ ስትገዛ ሳጥኑ ላይ «ሲ3» የሚል ምልክት ይፈለግ። ሲሞቅ የሚሠራበት ክፍተት ተጨምሮለት የተሠራ ነው ማለት ነው። ሲሎቹን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ሱቅ ላይ ለብዙ ዓመት የተቀመጠ «ኦሪጂናል» ሲል ተመሳስሎ ከተሠራ አዲስ ሲል ሊበልጥብህ አይገባም። ከንፈሩን በጥፍርህ ተጫነው። ካልተለጠጠ ተወው።

ሲሊንደሩ ላይ ልቆይ፤ ገንዘብህም ዕድሜዋም የሚባክነው እዚህ ነው። የዚህች ሲሊንደር ስፋት 56 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምት 50 ነው። ሲባዛ 123 ሲሲ ይሆናል። ፋብሪካው ማስፊያ ፒስተን (ለተጠረበ ሲሊንደር የሚሆን ወፈር ያለ ፒስተን) የሚሠራው በ0.25 እየጨመረ እስከ 1.00 ሚሊ ሜትር ነው። አራት ዕድል አለህ ማለት ነው። አንዱን ባለፈው ተጠቅመኸዋል። አሁን ፒስተንህ አናት ላይ ስንት እንደተጻፈ እይ። መካኒኩ ሱቅ ያገኘው 1.00 ብቻ ስለሆነ በአንድ ጊዜ ወደ መጨረሻው ዘሎ ከሆነ ሦስት ዕድል በአንድ ከሰዓት ሄዷል። እንደዚህ ባለች አሮጌ ሞተር ሳይክል ላይ ይህ ወንጀል ነው እላለሁ። ሌላ ሲሊንደር ከየት ታመጣለህ?

ከመጠረቡ በፊት ደግሞ እውነት መጠረብ ያስፈልገው እንደሆነ ይጣራ። ብዙ ጊዜ ግድግዳው ላይ የምታየው ጠባሳ የሲሊንደሩ አይደለም፤ ከፒስተኑ ቀልጦ የተለጠፈ አሉሚኒየም ነው። በደቃቅ የአሸዋ ወረቀትና በዘይት ቀስ ብሎ ይለቃል። ከለቀቀ በኋላ ይለካ። ከላይ፣ ከመሐል፣ ከታች፤ ወደ ፊትና ወደ ጎን። ልዩነቱ 0.05 ሚሊ ሜትር ካልደረሰና በጥፍር የሚያዝ ጭረት ከሌለ እዚያው ልክ አዲስ ፒስተንና ሪንግ (ፒስተኑን የሚከብቡት ቀለበቶች) ይበቃዋል።

መጠረብ ግድ ከሆነ ፒስተኑ ቀድሞ ይገዛ። ሲሊንደሩ ለተገዛው ፒስተን ነው የሚጠረበው። ሁለት «0.50» ተብለው የተጻፈባቸው ፒስተኖች በማይክሮሜትር ሲለኩ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ክፍተቱ የመመሪያው ይሁን፤ ለእንደዚህ ዓይነት ሞተር 0.04 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። «ትንሽ ጠበቅ ይበል፣ ሲሠራ ይላላል» የሚል ምክር ትሰማለህ። እሱ ምክር ነው አራት ማዕዘኑን የሚያስነክሰው።

ከቶርኖ ሲወጣ የመስኮቶቹን ጠርዝ በጣትህ ዳብስ። ባለ ሁለት ምት ሲሊንደር ግድግዳው ላይ የአየርና የጭስ መስኮቶች አሉት። ሲጠረብ ጠርዛቸው እንደ ምላጭ ይሳላል። ያ ጠርዝ በደቃቅ ሞረድ ተሰብሮ መለስለስ አለበት። ካልተሰበረ ሪንጉ ሲያልፍ ይይዘዋል፣ ይሰብረዋል። ይህን የማያደርጉ ባለሙያዎች አሉ፤ የለመዱት የመኪና ሲሊንደር ነው፣ እሱ ደግሞ መስኮት የለውም። አስታውሳቸው።

ከዚያ እጥበት። በነጭ ጋዝ አይደለም፤ ጋዝ ዘይቱን ያወጣል፣ ብናኙን ይተወዋል። በሙቅ ውሃ፣ በዱቄት ሳሙናና በብሩሽ እጠበው። ነጭ ጨርቅ ስታሻሸው ነጭ እስኪወጣ ድረስ ድገመው። አድርቀህ ወዲያው ዘይት ቀባው፤ ዓይንህ እያየ ነው የሚዝገው።

ሲገጣጠም ፒስተኑ ላይ ያለው ቀስት ወደ ጭስ መውጫው ያመልክት። የሪንጎቹ አፍ ጎድጓዳው ውስጥ ባለችው ትንሽ ፒን ላይ ልክ መቀመጥ አለበት፣ ያቺ ፒን አፋቸው መስኮት ላይ እንዳይወድቅ ጠባቂ ናት። ፒስተኑን ከቢየላው የሚያገናኘውን ትልቁን ፒን የሚይዙትን ሽቦዎች አሮጌዎቹን አትመልስ፤ ሁልጊዜ አዲስ። ከማስገባትህ በፊት የክራንኩን ቀዳዳ በንጹሕ ጨርቅ ድፈነው። ያ ሽቦ ተፈናጥሮ ሲገባ የሚያሰማው «ቲንግ» ሞተሩን እንደገና ያስፈታሃል። ከተገጠመ በኋላ የደም ግፊት መለኪያውን መልሰህ አምጣ። 300፣ ሰዓት፣ ሳሙና። ያለዚህ ፍተሻ ማንም «ጨረስኩ» ቢልህ አትክፈለው።

ፓምፑ ካለ የዘይት ቱቦው ውስጥ አየር እንዳይቀር በማስተንፈሻ ቡሎኑ ይውጣ። ለመጀመሪያው ታንክ ፓምፑ ቢኖርም ለአንድ ሊትር ቤንዚን 40 ሚሊ ሊትር የሁለት ምት ዘይት ጨምር። ትጨሳለች፣ ጎረቤት ያጉረመርማል፣ ቻለው። መጀመሪያ ስትነሳ ሞቅ እስክትል ብቻ ትሥራ፤ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ትቀዝቅዝ፤ በቀዝቃዛው የቴስታታው ዳዶዎች እንደገና ይጥበቁ። እስከ 500 ኪሎ ሜትር ድረስ ነዳጅ ሙሉ አትክፈት፣ በአንድ ፍጥነትም ረጅም አትሂድ። ዓባይ በዚህ ጊዜ አይታሰብም።

ገንዘብ ካጠረህ ቀለሙንና ክሮሙን አቆይ። ክራንኩ፣ ሁለቱ ሲሎች፣ ኩሽኔታዎቹ ይቅደሙ።

ጄቱን ለዝቅተኛው ቦታ ምረጥ፣ ማለትም ለድልድዩ። አዲስ አበባ ላይ ካንዴላዋ ትንሽ ይጠቁር፣ ጉልበቷም ትንሽ ይቀንስ። ደብረ ማርቆስ የምትሄደው አልፎ አልፎ ከሆነ ሁለቱንም ጄት ይዘህ ጎሐ ጽዮን ላይ ቀይር፤ ካቻቢቴና ጨርቅ ይበቃሃል፣ ቤንዚኑን ዝጋ እንጂ። ከተለማመደች በኋላ የመጀመሪያውን አቀበት ስትወጣ ከድልድዩ በላይ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደሄድክ፣ ነዳጅ ክፍት እንዳለ ፍሪሲዮን ያዝና ሞተሩን አጥፋ። ከመንገዱ ዳር፣ ከከባድ መኪኖቹ ገለል ብለህ ካንዴላውን አውጣ። ነጩ ሸክላ የቡና ቀለም ከያዘ ቀጥል። ነጭ ሆኖ ከነጣ ያስገባኸው ጄት አሁንም ትንሽ ነውና አንድ ቁጥር ከፍ አድርግ፤ ደጀን የምትገባው ከዚያ በኋላ ነው።